የአይጥ ሰውነት ባክቴሪያን እንዴት ይዋጋል? ለሰው ሕክምና ያስተማረውና ያሳሳተው

ስለ አዲስ መድኃኒት፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ አንድ የባህል መድኃኒት ቅጠል ሲነገር «በአይጦች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል» የሚለውን አባባል ሳይሰሙ አይቀሩም። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ግን በአይጥ የሠራው ነገር በሰው ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ባክቴሪያ ሲገባበት የአይጥ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ፣ በምን ከእኛ ጋር እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል።

እዚህ አይጥ የምንላት ትንሿ የቤት አይጥ ናት። በላቦራቶሪ የምትራባው ዝርያ ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የአንድ ዝርያ አይጦች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ስለተዳቀሉ በዘረመላቸው እንደ መንትያ አንድ ዓይነት ናቸው። ተመራማሪዎች አንድ ጂን ብቻ አጥፍተው «ይህ ባይኖር ምን ይፈጠር ነበር?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። በሰው ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አይጥ የተመረጠችውም በዋናነት ለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ቆዳ፣ የአፍንጫና የአንጀት ንፍጥ፣ የጨጓራ አሲድ አብዛኛውን ባክቴሪያ በር ላይ ይመልሳሉ። አልፎ የገባውን በመጀመሪያ የሚያገኙት ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ናቸው። ማክሮፌጆች በሳንባ፣ በጉበት፣ በጣፊያና ከቆዳ ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ፣ ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚፈጩ ሴሎች ናቸው።

ማክሮፌጅ ባክቴሪያን የሚለየው እንዴት ነው? ባክቴሪያዎች በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ፈጽሞ የሌሉ የሽፋን ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ከእነዚህ ዋነኛው ኢንዶቶክሲን ሲሆን፣ ሳልሞኔላን በመሰሉ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ላይ ይገኛል። ይህን የሚለየው የሴል ተቀባይ ማን እንደሆነ የታወቀው ከአንዲት እንግዳ የአይጥ ዝርያ ነው። ሲ3ኤች/ኤችኢጄ የተባለችው ይህች ዝርያ ሌሎች አይጦችን የሚገድል ኢንዶቶክሲን ቢወጓትም አትታመምም። ዕድለኛ ትመስላለች። ሕያው ሳልሞኔላ ሲሰጣት ግን ሌሎች የሚቋቋሙት ጥቂት ባክቴሪያ ይገድላታል። በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አገኙ፤ ቲኤልአር 4 የተባለው ተቀባይ ጂን በአንዲት ፊደል ስህተት ምክንያት አይሠራም ነበር። ቦይትለር በ2011 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ተመራማሪዎች አንዱ ሆነ።

ይህች አይጥ የምታስተምረው ነገር በየቀኑ ለሚያጋጥመን ሁኔታም ይሠራል። በኢንፌክሽን ጊዜ የሚሰማን ትኩሳት፣ ድካም፣ መቅላትና ማበጥ በአብዛኛው ባክቴሪያው በቀጥታ ያደረሰው ጉዳት ሳይሆን ሰውነታችን የሚያሰማው የማንቂያ ደወል ነው። ደወሉ የማይሰማው አካል ሕመሙ አይሰማውም፤ ነገር ግን ቀድሞ ይሞታል።

ደወሉ ከተሰማ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ቁስል ላይ የምናየው መግል በአብዛኛው የእነዚህ ሴሎች ሬሳ ነው። እዚህ ላይ ከወዲሁ አንድ ልዩነት አለ። በሰው ደም ውስጥ ካሉት ነጭ ሴሎች ከ50 እስከ 70 በመቶው ኒውትሮፊሎች ናቸው። በአይጥ ግን ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ቦታ የያዙት ሊምፎሳይቶች ናቸው። የሰው ኒውትሮፊሎች የሚይዟቸው ዲፌንሲን የተባሉ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲኖችም በአይጥ ኒውትሮፊሎች ውስጥ የሉም።

ሊስቴሪያ፦ ከቀን ወደ ቀን

የአይጥ ሰውነት ከባክቴሪያ ጋር የሚያደርገው ትግል በጣም በዝርዝር የታወቀው በሊስቴሪያ ላይ ነው። ሊስቴሪያ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብን በመሳሰሉ ምግቦች ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ጆርጅ ማካነስ በ1962 ይህን ባክቴሪያ በአይጥ ላይ አጥንቶ ያሳተመው ሥራ ዛሬም ድረስ የዘርፉ መሠረት ነው።

ባክቴሪያው በጅራት ደም ሥር ሲወጋ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛው በጉበትና በጣፊያ ማክሮፌጆች ይዋጣል። ከተዋጠው ውስጥ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይሞታል። የተረፈው ግን አንድ ብልሃት አለው፤ ሊስቴሪዮላይሲን በተባለ መርዝ የታሰረበትን ከረጢት ቀድዶ ወደ ሴሉ ሆድ ይወጣል፣ እዚያ ይራባል፣ ከዚያም የሴሉን የራሱን ፕሮቲን እንደ ጅራት እየገፋ ግድግዳውን አልፎ ወደ ጎረቤት ሴል ይገባል። ወደ ደም መውጣት አያስፈልገውም። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ አንቲቦዲ ሊያገኘው አይችልም።

እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ድረስ የባክቴሪያው ቁጥር ይጨምራል። በዚህ ጊዜ አይጧን በሕይወት የሚያቆያት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ነው። ተፈጥሯዊ ገዳይ የተባሉት ሴሎችና ሌሎችም ያመነጩታል። ማክሮፌጆች ይህ መልእክት ሲደርሳቸው ይለወጣሉ፤ ቀድሞ ያመለጣቸውን ባክቴሪያ አሁን መግደል ይችላሉ። ማካነስ ያየው አንዱ ዋና ነገር ይህ ነበር። የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ጤናማዎቹ በቀላሉ የሚቋቋሙት መጠን ይገድላቸዋል።

ከዚያ ተራው የቲ ሴሎች ነው። ወራሪውን የሚለዩት ቲ ሴሎች መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት ናቸው፤ መራባት ስላለባቸው ጊዜ ይወስድባቸዋል። ቁጥራቸው ከፍተኛ የሚሆነው ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን አካባቢ ነው። ባክቴሪያ የተደበቀባቸውን ሴሎች ከነባክቴሪያው ይገድላሉ። በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ገደማ ጉበትና ጣፊያ ይጸዳሉ። ቲ ሴልም ቢ ሴልም ሳይኖራቸው የሚወለዱ አይጦች ለሳምንታት ሊስቴሪያን አግተው ሊቆዩ ቢችሉም ጨርሰው ሊያጠፉት አይችሉም።

ዳግመኛ ቢያዙስ? ያገገመች አይጥ ቀድሞ ይገድላት የነበረውን መጠን ትቋቋማለች። ይሁንና የደሟን ውሃ ወስደው ለሌላ አይጥ ቢሰጡ ያቺን አያድንም፤ የጣፊያዋን ሴሎች ቢሰጡ ግን ያድናል። በዚያን ዘመን መከላከያ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው አንቲቦዲ ስለነበር፣ ይህ ግኝት ትልቅ ለውጥ አመጣ።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ በሊስቴሪያ የሚጎዱት በአብዛኛው ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የቲ ሴል መከላከያቸው በበሽታ ወይም በመድኃኒት የተዳከመባቸው ሰዎች ናቸው። አይጥ ካስተማረችን ጋር ይስማማል። በአንድ ነገር ግን አይጥ ታሳስታለች። ሊስቴሪያን ከምግብ ጋር ቢሰጧት አብዛኛውን ጊዜ አትታመምም። በ1999 በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የተሠራ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፤ ባክቴሪያው የአንጀት ሴል ውስጥ ለመግባት የሚይዘው ፕሮቲን በአይጥና በሰው መካከል በአንድ አሚኖ አሲድ ይለያል፤ በዚያች ልዩነት የተነሳ የአይጧ በር አይከፈትለትም። የእርስዎ ግን ይከፈታል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወተት አፍልተው ይጠጡ፤ ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብም አይብሉ።

ከሴል ውጭ የሚኖሩት

ሁሉም ባክቴሪያ ሴል ውስጥ አይደበቅም። የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣው ኒሞኮከስ ከሴል ውጭ ይራባል፤ ራሱን የሚከላከለው በስኳር የተሠራ አንሸራታች ካባ ለብሶ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ግሪፊዝ በ1928 ባሳተመው ዝነኛ ሙከራ ካባ ያለው ዝርያ አይጥን ሲገድል ካባ የሌለው እንደማይገድል በግልጽ ይታያል። ኒውትሮፊሎች ካባውን መጨበጥ አይችሉም። አንቲቦዲ ካባው ላይ ሲለጠፍ ግን መያዣ ያገኛሉ። ጣፊያም እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ ከደም በማጣራት ትልቅ ድርሻ አላት። ስለዚህ ጣፊያው በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው የኒሞኮከስ ክትባት መውሰድ አለበት፤ ድንገት ትኩሳት ሲነሳበትም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርበታል።

ሳልሞኔላና ታይፎይድ

የሰው ታይፎይድ የሚያመጣው የሳልሞኔላ ዓይነት አይጥን አያሳምምም። የቅርብ ዘመዱ ሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም በአብዛኛው ሰው ላይ ተቅማጥ ብቻ የሚያመጣ ሲሆን፣ አይጥ ላይ ግን ወደ ጉበትና ጣፊያ ገብቶ ታይፎይድን የሚመስል በሽታ ያስከትላል። ስለ ታይፎይድ ብዙ የምናውቀው በዚህ ተዘዋዋሪ መንገድ ነው።

እዚህም ዘረመል ትልቅ ሚና አለው። ኤንራምፕ 1 የተባለው ጂን ማክሮፌጅ ባክቴሪያን ባሰረበት ከረጢት ውስጥ ብረትን የመሳሰሉ ማዕድናትን እየቀዳ ያወጣል፤ በሌላ አነጋገር እስረኛውን ያስርበዋል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙባቸው ሁለት ዝርያዎች፣ ሲ57 ብላክ 6 እና ባልብ/ሲ፣ የዚህ ጂን የተበላሸ ቅጂ ስላላቸው በሳልሞኔላ በቀላሉ ይሞታሉ። ስለዚህ «አይጦች ሞቱ» የሚል ውጤት ሲያነቡ የትኛዋ አይጥ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሳልሞኔላም እንደ ሊስቴሪያ ማክሮፌጅ ውስጥ ስለሚኖር ማስወገጃው በዋናነት የቲ ሴሎች ሥራ ነው፤ አንቲቦዲ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ይህን ማወቅ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታዘዘውን የዊዳል ምርመራ ለመረዳት ይረዳል። ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን አንቲቦዲውን ነው። አንቲቦዲ በሽታው ከዳነ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል፤ በሌላ ኢንፌክሽን ወይም በክትባት ምክንያትም ሊታይ ይችላል፤ በበሽታው የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ ገና ላይኖር ይችላል። አንድ ጊዜ በተወሰደ ናሙና ብቻ «ታይፎይድ አለብዎት» ከተባሉ፣ የደም ካልቸር ማድረግ የሚቻልበት ቦታ እንዳለ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከሳልሞኔላ ጋር በተያያዘ አንድ የቆየ ሙከራ ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1954 የቺካጎ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አንድን አይጥ በአፍ በሚሰጥ ሳልሞኔላ ለመበከል 100,000 ገደማ ባክቴሪያ ያስፈልጋል። አስቀድመው አንድ ጊዜ ስትሬፕቶማይሲን ከሰጧት በኋላ ግን ከ10 ያነሱ በቂ ሆኑ። አንቲባዮቲኩ በአንጀቷ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ ቦታውን ለወራሪው ለቀቀለት። ሰዎችም ከአንቲባዮቲክ በኋላ በሳልሞኔላና በሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ይላል። ለጉንፋን ተብሎ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ጉንፋኑን አይነካም፤ የአንጀትን አጥር ግን ያፈርሳል።

ቲቢ፦ አይጥ አስቀድማ ያስጠነቀቀችበት

የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ወደ አይጥ ሳንባ ሲገባ ለሁለት ሳምንት ያህል ከልካይ ሳይኖረው ይራባል፤ ቲ ሴሎች ዘግይተው ነው የሚደርሱት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ዕድገቱ ይገታል፤ ግን አይጠፋም። አይጧ ለወራት ተሸክማው ትኖርና በመጨረሻ ትሞታለች። ይህ ከሰው ይለያል። አብዛኛው በቲቢ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይታመምም። በሰው ሳንባ ውስጥ የሚፈጠሩት መሐላቸው የበሰበሰ እባጮችም በተለመዱት የአይጥ ዝርያዎች ላይ እምብዛም አይታዩም።

ይሁን እንጂ ዋናዎቹ መልእክተኞች አንድ ናቸው። በ1993 ሁለት የምርምር ቡድኖች ኢንተርፌሮን ጋማ የሌላቸው አይጦች በቲቢ በፍጥነት እንደሚሞቱ አሳተሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1996 በማልታና በቱኒዚያ ቤተሰቦች ውስጥ የዚሁ ፕሮቲን ተቀባይ የጎደላቸው ሕፃናት ተገኙ። የቱኒዚያው ሕፃን የሞተው ከቢሲጂ ክትባት የመጣው የተዳከመ ባክቴሪያ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት በጣም ብርቅ ነው፤ ለአብዛኞቹ ሌሎች ሕፃናት ቢሲጂ ከቲቢ ማጅራት ገትር ይጠብቃል። ነገር ግን በቤተሰብዎ ከቢሲጂ በኋላ ክፉኛ የታመመ ወይም በተደጋጋሚ ከባድ ኢንፌክሽን የሞተ ሕፃን ካለ፣ አዲስ የተወለደው ከመከተቡ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሁለተኛው መልእክተኛ ቲኤንኤፍ ይባላል። ማክሮፌጆች ባክቴሪያውን ከብበው እንዲያስሩ የሚያደርገው እሱ ነው። በ1995 ቲኤንኤፍ የተከለከሉ አይጦች ቲቢን መቋቋም እንዳቃታቸው ታተመ። በዚያው ዘመን ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ለሩማቶይድ አርትራይተስና ለክሮንስ የአንጀት በሽታ እየተዘጋጁ ነበር፤ ለብዙ ሕመምተኞችም ትልቅ እፎይታ ሰጡ። በ2001 ግን ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኢንፍሊክሲማብ በወሰዱ 70 ሰዎች ላይ ቲቢ መታየቱ ተዘገበ። በብዙዎቹ በሽታው ከሳንባ ውጭ ተሰራጭቶ ነበር። ዛሬ ይህን መድኃኒት ከመጀመር በፊት የተደበቀ ቲቢ መመርመር ግዴታ ነው። ቲቢ በብዛት ከሚገኝበት አገር፣ ለምሳሌ ከኢትዮጵያ፣ ሄደው አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሚታከሙ ከሆነ የተወለዱበትን አገርና ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር የኖሩበትን ጊዜ ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

አይጥ ያሳሳተችበት፦ ሴፕሲስ

ይኸው ቲኤንኤፍ የተቃራኒውም ታሪክ ባለቤት ነው። ሴፕሲስ ማለት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው የሰውነት ምላሽ ከቁጥጥር ወጥቶ የራስን አካል ሲጎዳ ነው። በ1985 ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ አስቀድመው የተሰጣቸው አይጦች ከገዳይ ኢንዶቶክሲን ተረፉ። ተስፋው ታላቅ ነበር። በ1990ዎቹ ተመሳሳይ መድኃኒቶች በሺዎች በሚቆጠሩ የሴፕሲስ ሕመምተኞች ላይ ተሞከሩ፤ የተጠበቀው አልሆነም። በ1996 በታተመ አንድ ሙከራ እንዲያውም ከፍ ያለውን መጠን ከወሰዱት መካከል የሞቱት በዙ። በ2013 ደግሞ ቲኤልአር 4ን የሚያግደው ኤሪቶራን የተባለ መድኃኒት ሞትን ሳይቀንስ ቀረ።

ምን ተሳሳተ? አይጧ መድኃኒቱን የወሰደችው ከመመረዟ በፊት ነው፤ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ከታመመ በኋላ ነው። አይጧ የተሰጣት የተጣራ ኢንዶቶክሲን ነው፤ የሰው ሕመምተኛ በደሙ ውስጥ የሚራባ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ ያን ለመግደል ቲኤንኤፍ ያስፈልጋል። የመጠኑ ልዩነትም ሰፊ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ጥቂት ቢሊዮንኛ ግራም ኢንዶቶክሲን ሰውን ያንዘፈዝፋል፤ አይጥን ለመግደል በሚሊግራም የሚቆጠር ያስፈልጋል። ሰው በአብዛኛው ሲያተኩስ፣ ክፉኛ የታመመች የላቦራቶሪ አይጥ የሰውነቷ ሙቀት ይወርዳል፤ የምትኖርበት ክፍልም ለእሷ ከሚመቸው 30 ዲግሪ ገደማ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው።

በ2013 አንድ የአሜሪካ ቡድን የአይጥና የሰው ጂኖች ለከባድ ጉዳትና ለኢንዶቶክሲን የሚሰጡት ምላሽ ፈጽሞ አይገናኝም ብሎ ጻፈ። በ2015 ሌሎች ያንኑ መረጃ በሌላ ስሌት አይተው በእጅጉ ይመሳሰላል አሉ። እንደ እኔ እይታ ክርክሩ ስለ አይጧ ያህል ስለ ጥያቄው ነው፤ «ማን ማንን ይገድላል፣ በየትኛው መልእክተኛ?» ብለው ሲጠይቋት አይጥ ጥሩ ምስክር ናት፤ «ስንት ሚሊግራም፣ መቼ፣ ለማን?» ሲሏት ግን አይደለችም። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ከቤት እንስሳት መደብር የተገዙ፣ በተለያዩ ጀርሞች ያደጉ አይጦች የመከላከያ ሴሎቻቸው ወደ አዋቂ ሰው እንደሚቀርቡ፣ በንጹሕ ክፍል ያደጉት ግን አራስ ሕፃንን እንደሚመስሉ አሳይቷል።

«በአይጥ ላይ ሠርቷል» ሲባል የሚጠይቋቸው

አይጧ መድኃኒቱን የወሰደችው ከመበከሏ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ባክቴሪያው እንደ ሰው በምግብ ወይም በትንፋሽ ነው የገባው ወይስ በመርፌ? መጠኑ በክብደት ሲሰላ በሰው አንድ ባልዲ ይሆናል ወይ? ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ? በተለይ ለደም ማጣሪያ ወይም ለመከላከያ ማጠናከሪያ እየተባለ ለሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ዜናውን እስኪያጣሩ ሕክምናን አያዘግዩ። ትኩሳት ወይም ያልተለመደ የሰውነት መቀዝቀዝ ከፈጣን ትንፋሽ፣ ከግራ መጋባት፣ ከሽንት መቀነስ ወይም ከከባድ ድካም ጋር ከመጣ ሴፕሲስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕፃን መጥባት ካቆመ ወይም ለማንቃት ካስቸገረ፣ ትኩሳት ባይኖረውም እንኳ አይጠብቁ። ቲኤንኤፍ አጋጅ መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ወይም የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የማንቂያ ደወላቸው ስለሚዳከም ትንሽ ትኩሳትም ቢሆን በዚያው ቀን ያስመርምሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፈው ይያዙ።